የፓምፕ ሠሪው ጄት

ልጄ ሥራ ማግኘቷን የነገረችኝ ቀን ጓሮ ተንበርክኬ የውኃ ፓምፕ እየፈታሁ ነበር። ቤታችን ከቀበና ወንዝ በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣም አቅም አጥቶ ስለሚመጣ ያለ ፓምፕ ታንከሩ ውስጥ አይገባም።

«አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ» አለችኝ።

«የት?» አልኳት ቀና ሳልል።

«አውሮፕላን የሚሸጥ ቢሮ። ትንንሽ የግል ጄት።»

«የማን ሥሪት ነው?» ስላት ሳቀችና እግሬ ሥር የተበታተነውን ፓምፕ በጣቷ አሳየችኝ። «የእሱ።»

ወይ ጉድ! ያ ፋብሪካ ዕድሜውን ሙሉ ፓምፕና ትራክተር ሲሠራ የኖረ ነው። በቅርቡ ብድግ ብሎ ጄት ልሥራ አለ፤ ስድስት መንገደኛ የሚይዝ፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ ለነጋዴ መመላለሻ የሚሆን። ገበያው ግን ስማቸው በገነነ በነባሮቹ የተያዘ ነው፤ አዲስ ገቢን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ስለዚህ እነሱ ብዙም ባልደረሱበት አገር እየዞረ ቢሮ መክፈት ያዘ። የእኛ አገሩ ጉርድ ሾላ፣ ከታች የሞባይል ሱቅና የጥርስ ክሊኒክ ያለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከፈተ። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ ፈረንጅ ኃላፊ፣ አንዲት ጸሐፊ፣ እና ምህንድስና ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠችው ልጄ።

ሰፈሩ ሲሰማ አላስቀምጥ አለን። «ጄቱ ሰማይ ላይ ውኃ ሊስብ ነው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚግለኝ ሰው ነኝ፤ «ፓምፑ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ የእናንተ ግን ክረምት ከበጋ መካኒክ ቤት ነው» ብዬ አፋቸውን አስይዛለሁ። ምክንያት አለኝ። ሠላሳ ዓመት አውሮፕላን የጠገንኩ መካኒክ ነኝ፤ ደህና ብረት ሳይ አውቃለሁ።

ስለ ሙያችን አንድ ነገር ልናገር፤ በኋላ ስለሚመጣ ነው። እኛ ዘንድ ሥራ የሚያልቀው በፊርማ ነው። ቡሎኑን አጥብቀህ ብቻ አትሄድም፣ አይቼዋለሁ ብለህ ትፈርማለህ። ከዚያ በኋላ ያ አውሮፕላን የትም ይሂድ የትም ስምህ አብሮት ነው። ልጄን ከሕፃንነቷ በዚህ ነው ያሳደግኳት። የብስክሌቷን ጎማ ካጠበቀች በኋላ ደብተር አቀርብላታለሁ። «አይተሽዋል? በእጅሽ ነክተሽዋል? እንግዲያው ፈርሚ!» እናቷ «ልጅቷን አሳበድካት» ትለኝ ነበር።

ሥራ በጀመረች በስምንተኛው ወር ፊቷ ጠቆረ። ኃላፊዋ በግልጽ ነግሯታል፤ ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ጄት እንኳ ካልተሸጠ ቢሮው ይዘጋል፣ እሷም ትሰናበታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ላይ ሹካዋን ይዛ ትፈዛለች። ያ ሁለት ዓመት ተመልሶ ሊመጣ ነው ብዬ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት የት እንደምትሄድ ሳታውቅ ልብሷን ለብሳ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ያየሁት እኔ ነኛ!

ገዢ ከተፍ ያለው ከራሳችን ሰፈር ነው። የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ አባቱ እዚሁ የካ ተራራ ሥር ገብስ ያርሱ ነበር። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ እያወራ፣ በአንዲት ኪዮስክ የዚህኑ ፓምፕ ጎሚኒና ቡሽ ሲሸጥ ነው የማውቀው። ዛሬ የመኪና መለዋወጫ ከዱባይ በኮንቴይነር ያስመጣል። ከሸሪኮቹ ጋር የቻርተር፣ ማለትም የኪራይ፣ በረራ ሊጀምር አስቧል። ለራሱ ደግሞ አንድ ምኞት አለው፤ እናቱን፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ዱባይ ደርሶ መምጣት። ከእሱ ጋር ስድስት መሆናቸው ነው። የልጄ ቢሮ የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ደግሞ በትልቁ «ስድስት መንገደኛ፣ ያለ ማረፊያ እስከ ዱባይ» ተብሎ ታትሟል።

ጄቱ ለማሳያ ቦሌ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ሰውየው ቢሮ ሄዶ «መካኒኬን ይዤ ነው የምመጣው» አላቸው። ፈረንጁ ሁለት ጊዜ አስተረጎመ። አገሩ ላይ ጄት የሚገዛ ሰው የሚያመጣው ጠበቃ ነው አሉ። የእኛ ሰው ግን ያገለገለ ሚኒባስም ይግዛ ጄት፣ የሚያምነውን መካኒክ ከጎኑ ሳያቆም እጁን ኪሱ አይከትም። ይኼኛው ደግሞ ጥንቁቅ ነው፤ ጥቁር ደብተር አለው፣ መካኒኩ ያየውን በእጁ ጽፎ ይፈርምለታል።

«መካኒክህ ማን ነው?» ብላ ልጄ ጠየቀችው።

«አባትሽ ናቸዋ!»

«እንዴ! የሻጯ አባት እኮ ነው!»

«ቢሆኑስ? ጋሼን ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ለልጃቸውም ብለው አይዋሹም።»

ይህን ስትነግረኝ ደረቴ አበጠ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ የአንዱ ወገን ዘመድ ሆኖ ዳኛ መሆን እንደማይቻል አላጣሁትም። ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አውሮፕላን አልነካሁም። እጄን በላኝ፤ እሺ አልኩ።

ቦሌ የሄድነው ረፋድ ላይ ነው። ያቺን ጄት ሳያት፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኳት። ብረቷን የሚያያይዘው ሪቬት የተደረደረው እንደ ጥሩ ልብስ ስፌት ነው። በባትሪ እያበራሁ የማረፊያ ጎማዋን፣ የፍሬን ቱቦዋን፣ የሞተሯን ምላጮች አንድ በአንድ አየሁ። እንከን ፈልጌ አጣሁ። የፓምፕ ሠሪ ልጆች ጎበዞች ናችሁ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ውስጥ ገብቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ የጄቷን መመሪያ መጽሐፍ ገለጥኩ። ማንኛውም አውሮፕላን በየትኛው ከፍታ፣ በስንት ሙቀት፣ ምን ያህል ጭኖ እንደሚነሳ የሚናገር ሠንጠረዥ አለው። የእኛ ከተማ አየር ስስ ነው። እንጦጦ ፓርክ ሽቅብ የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሳንባ የሚቸግረው ነገር ሞተርንም ይቸግረዋል። በዚያ ላይ ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ብቻ መውጣት አለበት፤ ዙሪያችን ደግሞ ተራራ ነው። ጣቴን በሠንጠረዡ ላይ ጎተትኩ። እስከ ዱባይ የሚበቃ ነዳጅ ከያዘ ከአዲስ አበባ የሚጭነው ሦስት ሰው ነው። ስድስት ሰው ከጫነ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት ግዱ ነው።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ወረቀቱ ላይ የታተመው በባሕር ወለል ላይ ላለ ከተማ የተሠራ ቁጥር ነው። ፋብሪካው አዲስ ስለሆነ ለሁሉም አገር አንድ ወረቀት አባዝቶ ልኳል።

በመስኮት ወደ ውጪ አየሁ። ልጄ ክንፉ ሥር ቆማ እጇን እያወናጨፈች ለነጋዴው ታስረዳለች። እንዲያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አንጀቴን በላችው። ለራሴም ሰበብ ደረደርኩ፤ ፓይለቱ ሠንጠረዡን ያነብ የለም እንዴ? ሲነሳ ራሱ ያቆማቸዋል፣ እኔ ምን አገባኝ? ግን ባለንብረት ስድስት ይጭናል ተብሎ ከገዛ በኋላ ቤተሰቡን ጭኖ ና እንሂድ ሲል ፓይለቱን ማን ይሰማዋል? ይህንንም አውቀዋለሁ። እያወቅኩ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ስወርድ ነጋዴው ጥቁሩን ደብተር ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«እህሳ ጋሼ?»

«ጥሩ ዕቃ ነው» አልኩ።

«ስድስት ሆነን ዱባይ ያደርሰናል?»

«ጥሩ ዕቃ ነው አልኩህ እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ። ሰው ሲደብቅ ይቆጣል።

«እንግዲያው ይፈርሙልኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። የፊርማዬን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። በቃ፣ አንዲት ፊደል። ከዚያ የልጄ መዳፍ ደብተሩ ላይ አረፈ።

«አባዬ፣ ቆይ» አለች። ዓይኔን አየችኝ፤ ስታየኝ ደግሞ ምንም አላመለጣትም። ወደ ነጋዴው ዞረች። «ከአዲስ አበባ ስድስት ሰው ይዞ ዱባይ አይደርስም። ሦስት ነው። ስድስት ከሆናችሁ ጅቡቲ ወይ ሌላ ቦታ ነዳጅ መቅዳት አለባችሁ። ወረቀታችን የእኛን ከፍታ አላሰበም። ትናንት ማታ ነው ሠንጠረዡ የደረሰኝ፤ አባቴ ያገኘዋል፣ እሱ ይነግርሃል ብዬ ነበር።»

እሷ ለካ እኔን ነው የጠበቀችው። ያንኑ ለፈረንጁ በእንግሊዝኛ ደገመችለት፤ ሰውየው ቲማቲም መሰለ። ነጋዴው ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «እናስብበታለን» አለ። እኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መገናኛ እስክንደርስ ራሴን ገታሁ። ከዚያ ፈነዳሁ። «ለማን ብዬ ይመስልሻል? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው! እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ደፋሽው!»

«አውቃለሁ ለእኔ ብለህ እንደሆነ።»

«ታዲያ ምን ቤት ነሽ?»

«ስድስቱ ውስጥ ሦስቱ ልጆች ናቸው፣ አባዬ» አለች። በመስኮት የሚያልፈውን ሰው ስቆጥር ቤት ደረስን።

ቢሮው ዓመቱ ሳይሞላ ተዘጋ። ልጄ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ መጣች፤ ጠረጴዛዋ ላይ የነበረችውን ትንሿን የጄት ሞዴል ፍሪጁ ላይ አስቀመጠቻት። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ያቺ ሞዴል ታየኛለች። ልጄን ይቅርታ ልላት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ «ሻይ ጠጣሽ?» ብያለሁ መሰላችሁ! እሷ ማለዳ እየተነሳች እስከ እንጦጦ ፓርክ በር በእግሯ ትወጣለች፤ ተመልሳ የሥራ ማመልከቻ ትጽፋለች። አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ የውኃ ተራችን ቀን፣ በሩ ተንኳኳ። ነጋዴው ነው፤ ጥቁሩን ደብተር ብብቱ ሥር ይዟል። ሌላ ጄት እንዳገኘ ነገረኝ፤ ያገለገለ፣ ከነባሮቹ ፋብሪካ የአንዱ፣ ናይሮቢ የቆመ።

«እንግዲህ መካኒክ ፈልገህ ነው» አልኩት፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ። ይቅር ብሎኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። የመጣሁት ለልጅቱ ነው።»

ልጄ ወጥታ ሰማችው። «ሄጄ በእጄ ሳልነካው አልፈርምልህም» አለችው፤ የራሴ ድምፅ መሰለኝ። እሱም «ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት» ብሎ የጉዞውን ቀን እንድትጽፍለት ደብተሩን ዘረጋላት። በትከሻዋ በኩል አጮለቅኩ። ያቺ የጀመርኳት አንዲት ፊደል ገጹ ላይ ብቻዋን ቆማለች። አልሰረዛትም። ልጄ አየቻት፤ ገጹን ገልጣ በአዲሱ ላይ ጻፈች።

አፈርኩ። ኮራሁም፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። ከዚያ ከቀኑ ሥር ስሟን ስትጽፍ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ፣ ሰውየው እየሰማ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አልኳት።