ባትላሜራው ያልሰማው ጩኸት

ባትላሜራው ዕድሜውን በሙሉ በመዶሻ ነው የኖረው። የተገጨ የመኪና በር፣ የተጨማደደ ኮፋኖ፣ የተጠማዘዘ ፓራፋንጎ ያመጡለታል፤ እሱ ከሥሩ ብረት ደግፎ ከላይ እየቀጠቀጠ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሰዋል። ሰፈሩ ስሙን ረስቶ በሙያው ነው የሚጠራው፤ ቅር ብሎትም አያውቅ። በወጣትነቱ ጋራዥ ውስጥ ጆሮውን በጥጥ ወትፎ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። በዚያ ሰውዬ ያልሳቀ አልነበረም፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ደግሞ ባትላሜራው ነው። የሳቁን ዋጋ ጆሮው ከፈለ።

ጆሮ እንደ ጥርስ አስቀድሞ አመመኝ አይልም። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፤ እሱ ግን የጎረቤት ዛፍ ስለተቆረጠ መስሎት ነበር። ከዚያ የስልኩ ጥሪ ሄደ፤ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ነጎድጓዱ፣ የከባድ መኪናው ሞተር፣ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያናግረው ሰው ደህና ይሰማዋል። ቀጭን ድምፅ ግን ከዓለም ላይ ተነሥቷል። ሁለት ማንቆርቆሪያ ቂጣቸው ነድዶ ከተጣሉ በኋላ ነገሩ ገባውና ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ይነቅዛል እንጂ፤ የእሱ ግን ነቅዟል።

ሚስቱን "እሜቴ" ነው የሚላት። ድሮ ሊያበሽቃት የጀመረው ነው፤ እዚያው ቀረ። ግራ ጎኗን ስትሮክ ከያዛት ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ቀኝ እጇ፣ ምላሷና ጆሮዋ ግን ምንም አልሆኑም። የሚያነሣት፣ የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት ባሏ ነው። ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ እጅ እንዲያ ለስልሶ ፀጉር ያበጥራል ብሎ ማን ያምናል?

ገመናውን መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት። አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቷት ሳህን ሲያጥብ፣ "አንተ ጉረኛ፣ አንተ ደደብ፣ እናትህም እንዳንተው ነበረች" ብላ ሞከረችው። እናቱን! በደህናው ጊዜ ቢሆን ቤቱ ይገለበጥ ነበር። እሱ ሳህኑን አጥቦ ጨረሰ፤ ዞረና፣ "ውሃ ልስጥሽ?" አላት።

እሜቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እውነት ነው፤" አለችው፣ አፏን እንዲያይ ፊቷን ወደሱ መልሳ።

"ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ለማን ልናገር? ለልጅህ? ነገ መጥታ እንድትወስደኝ?"

የሁለቱም ፍርሃት ይሄው ነበር። ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በልጆቿ ክፍል ውስጥ አንድ ተጨማሪ አልጋ ይገባል፤ ሁለት አይገባም። እናቷ ከታመመች ጀምሮ "እኔ ጋ ትሁን" ብላ አሳራቸውን ስታበላቸው ቆይታ፣ በመጨረሻ፣ "እሺ፤ አንድ ነገር ጎድሎ ባይ ግን እወስዳታለሁ፤" ብላ ተስማማች። ከዚያ ወዲህ የባትላሜራው ዋና ሥራ ምንም እንዳልጎደለ መምሰል ሆነ።

ታዲያ ልጅቷ በምትኖርበት ሰፈር አንድ ባልና ሚስት ከሰል ቤት አስገብተው እንደተኙ ቀሩ። ወሬውን በሰማች ማግስት አባቷ ደጅ ከች አለች። አባትየውም ከሰል ያስገባል፤ ብርድ ሲሆን የእሜቴን ግራ ጎን ይቆረጥማታላ። ግቢ ውስጥ ያቀጣጥለውና ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ፍሙ ሲቀላ ነው የሚያስገባው።

"ጭሱ ካለቀ ጣጣው አለቀ፤" አላት።

"አባዬ፣ እነዚያን የገደላቸው ጭስ አይደለም እኮ! ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ፍሙ አምሮ፣ ቤቱ ሞቆ፣ አንተ ደስ ብሎህ ተቀምጠህ ነው የሚወስድህ። እማዬ ደግሞ ተነሥታ አትሮጥ!"

"እሺ ምን እናድርግ?"

"ማስጠንቀቂያ እንገዛለን። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።"

ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄዱ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣላቸው። አንዱ ጭስ ሲያይ የሚጮኸው ነው፤ ጣሪያ ላይ፣ ግን በተጠበሰ ቁጥር እንዳይጮኽ ከማብሰያው ራቅ ተደርጎ ይሰቀላል። ሌላው የካርቦን ሞኖክሳይዱ ነው፤ ቦታው መኝታ ቤት። ጀርባቸውን ገልብጦ የተሠሩበትን ቀን አሳያቸው፤ ዕድሜያቸው ሲያልቅ ባትሪ ቢቀየርም ዋጋ የለውም፣ ይጣላሉ አለ። በየወሩ የመሞከሪያ ቁልፋቸውን መጫን፣ አቧራቸውን መጥረግ። ልጅቷ ሁሉንም እሺ እያለች ሰማች።

"ቤት ውስጥ ጆሮው የደከመ ሰው አለ?" አለ ሻጩ ሊጠቀልል ሲል። "የዚህ ድምፅ ቀጭን ነው፤ የማይሰማቸው አሉ። ለእነሱ በኪስ ይዘውት የሚዞሩት፣ ሲተኙ ትራስ ሥር የሚያደርጉት፣ የሚንቀጠቀጥ ዓይነት አለ።"

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞር አለች። ሻጩም አየው። ባትላሜራው የሚያስፈልገው ነገር እዚያው ባንኮኒው ላይ ቀርቦለታል፤ የጎደለው አንዲት ቃል ናት። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

"የኔ ጆሮ? ጉንዳን ሲያስነጥስ ይሰማል!"

ሻጩ ሳቀ፤ ልጅቷም ሳቀች፤ የሚንቀጠቀጠውም ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። እኔ በዚያች ሳቅ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

ልጅቷ ቤት ገብታ በራሷ እጅ በሳች፣ በብሎን አሰረች፣ የመኝታ ቤቱን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫነች። ባትላሜራው ዓይኑን ከእሜቴ አልነቀለም ነበር። እሜቴ ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ቋጠረች።

"አጥፊው እንጂ! ጆሮዬን በጠስሽው!" ብሎ ጮኸ።

ሳይመካከሩ ነው ያደረጉት። ከዚያ በኋላ ግን ሙያ ሆነ። ልጅቷ በየወሩ ትመጣለች፣ አቧራውን ትጠርጋለች፣ አንዳንዴም ስታወራ ቆይታ ሳታስበው መሰለኝ ድንገት ትጫነዋለች። እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጠው እሜቴን ፊት ለፊት ነው። እቃውን "ሰላዩ" ብሎታል። ልጅቷ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ሽማግሎች እንደ ልጅ ይንከተከታሉ።

"ዛሬ ዘገየህ፤" ትለዋለች እሜቴ።

"አንቺ ነሽ እንጂ፤ በአንድ ዓይንሽ ብቻ ነው የጨፈንሽው።"

እሷ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም ነበር። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔ ራሴ ለመፍረድ ይቸግረኛል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዝናብ ሰማዩን ደፍኖት በዋለ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ባትላሜራው እንደልማዱ ከሰሉን አቀጣጥሎ፣ ጭሱን ጨርሶ፣ አልጋው አጠገብ አኖረው። እሜቴ ነፋሱ ሲገባባት "መስኮቱን ዝጋው፤" አለችው። ዘጋው። ሰላዩ አለ ብሎ ልቡን ጥሎበታል፤ ሰላዩ ቢጮኽ የሚሰማ ማን እንደሆነ ግን አላሰበም። በማስመሰል ብዛት ሰው የራሱን ውሸት ያምናል።

ግቢው ውስጥ ባለው ዳስ ሥር የአንድ ባለታክሲ ፓራፋንጎ ይጠብቀዋል። በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣና መዶሻውን አነሣ። ሥራው ጥሩ ሄደለት። ቆርቆሮው እየታዘዘው፣ ዝናቡ ከላይ እየደበደበ፣ እሱ ከታች እየመለሰ፣ ምን ያህል እንደቆየ እንጃ። ቀና ሲል ጎረቤታቸው ያለችው ባለሱቅ ያለ ጃንጥላ ዝናቡ ውስጥ ቆማለች። ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፍናለች።

"ይቅርታ ልጄ፣ ሊያልቅልኝ ነው፤" አላት መዶሻውን ከፍ አድርጎ እያሳየ።

"መዶሻው አይደለም፣ ጋሼ! ያ ነገር! ሕፃኑን ቀሰቀሰብኝ እኮ፤ ለምንድነው የማታጠፉት?"

እሱ አፏን ሳይሆን እጆቿን ነው ያየው። ሰው ዝም ባለ ግቢ ውስጥ ጆሮውን አይደፍንም። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

ሲገባ ሰላዩ ቀይ መብራቱን ያርገበግባል። እሜቴ አልጋዋ ላይ የለችም። በደህናው እጇ ራሷን ጎትታ፣ ወድቃ፣ እስከ በሩ መንገድ እኩሌታ ድረስ ወለሉን ይዛ መጥታ፣ እዚያ ቀርታለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ስትጣራ ስትጣራ ድምፅዋ አልቋል። አቅፏት ወጣ፤ ዝናቡ ላይ ተቀመጠና እቅፉ ውስጥ አደረጋት፣ "እሜቴ፣ እሜቴ፣" ከማለት በቀር ምንም አልቻለም። አምቡላንስ የጠራችው ባለሱቋ ናት። ሆስፒታል ድረስም ሕፃኑን አዝላ አብራቸው ሄዳ፣ ሱቋን ክፍት ትታ ስለነበር ቶሎ ተመለሰች።

እሜቴ በኦክስጅን ነፍስ ዘራች። ሐኪሙ ጥቂት ቢቆይ ኖሮ አትገኝም ነበር አለ። ግን እንደነበረች አልተመለሰችም፤ ያቺ ደህና የነበረች ቀኝ እጇ ትንቀጠቀጣለች፤ ንግግሯም ዘገየ።

በማግስቱ ልጅቷ ከአውቶቡስ እንደወረደች መጣች። እናቷን ሳመች፣ ደባበሰች፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ይዛ ተንሰቀሰቀች።

"እኔ ነኝ፤ ባለፈው ስመጣ ባትሪውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር፤ ከቀየርኩት በኋላ ደግሜ እንኳ ሳልጫነው ነው የሄድኩት። ገልብጬ አስገብቼው ነው፤ አልጮኸም አይደል? እማዬ፣ አልጮኸም አይደል?"

እሜቴ ባሏን አየችው። እሱም አያት። ቤቷን፣ አልጋዋን፣ ይሄን ጉረኛ ሰውዬዋን አሰበች መሰለኝ። ከንፈሯን እየጎተተች፣

"አል... ጮኸም፤" አለች።

ልጅቷ እሪ አለች። "ገድዬሽ ነበር! እናቴን በእጄ ገድያት ነበር!" እያለች ደረቷን መታች። አንዲት ነርስ ከኮሪደሩ ብቅ ብላ አየች።

ባትላሜራው ቆሞ ነበር። አንዲት ቃል ባይናገር ሚስቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ባትሪው ይቀየራል፣ ኑሮ ይቀጥላል። ልጁ ደግሞ ይሄን ተሸክማ ትኖራለች። የእሜቴ ዓይን "ዝም በል" እያለ ይለምነዋል፤ ያን ቋንቋ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

"ጮኋል፤" አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። "ምን?"

"ጮኋል ልጄ። ጎረቤት ዝናብ ውስጥ እስኪወጣ ድረስ ጮኋል። ባትሪሽ ደህና ነው። እናትሽም ስትጣራ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ አልሰማሁም።"

"አባዬ ምን ማለትህ ነው? ባለፈው ወር እንኳ አጥፊው ብለኸኝ..."

"አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እናትሽ ዓይኗን ስትጨፍን አይቼ ነው።"

ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን እያየች አፏን ያዘች። ልትቆጣም ልታለቅስም ያማራት ትመስል ነበር፤ ሁለቱንም አልቻለችም።

"ውሰጃት፤" አላት። "እኔ እንዳላጣት ስፈራ፣ ለካ እሷን ልገድላት ነበር። ውሰጃት ልጄ።"

ወደ እሜቴ ጎንበስ ብሎ እጇን ሊይዝ ሞከረ። የሚንቀጠቀጠው እጅ ከመዳፉ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ብርድ ልብሱ ሥር ገባ።

"ማን ጠየቀህ?" አለችው።

ይሄን ደህና አድርጎ ሰማ። ልብሶቿን ከቤት አምጥቶ፣ አጣጥፎ፣ በሻንጣ ከተተላት። እሜቴ ግን ልጅቷ የተከራየችው መኪና መጥቶ እስኪወስዳት ድረስ አላናገረችውም።