አጎቴ «ደክሞኛል» ሲሉ

አጎቴ ከሸኮ በታች ባለው የወንዝ ሸለቆ እንግዶችን እየመሩ ሦስት አራት ቀን በእግር የሚያስጉዙ ሰው ነበሩ። ቴፒ ስማር ጓደኞቼን ይዤ አንድ ጊዜ አብሬያቸው ወረድኩ። በሁለተኛው ቀን ጫማዬ ተረከዜን ላጠው። መናገር አፍሬ ወንዙ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ እያነከስኩ ስሄድ፣ አጎቴ ሸክማቸውን አወረዱና «ልጆች፣ እኔ ደክሞኛል፤ ትንሽ እንረፍ» አሉ። ጓደኞቼ ሽማግሌው ደከሙ ብለው አዘኑላቸው። እሳቸው ግን አጠገቤ ተቀምጠው፣ ማንም ሳያይ ቁስሌን በጨርቅ አሰሩልኝ። ያኔ ገባኝ። በዚያ መንገድ ላይ የዛለ ሰው ባዩ ቁጥር፣ እንዳያፍር ብለው ድካሙን የራሳቸው ያደርጉት ነበር።

ባለፈው ክረምት ሊጠይቁኝ አሁን ወደምኖርበት ሚዛን ከተማ መጡ። ከመናኸሪያው ወደ ቤቴ የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ፣ መንገድ ዳር ቁጭ አሉና «ደክሞኛል» አሉኝ።

ሳቅሁ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልደከመኝም። ይነሡ፣ እንሂድ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው እስከ ቤት ተከተሉኝ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አረፉ። ሐኪሙ የልብ ሕመም እንደነበረባቸው፣ ሕመሙም የቆየ እንደሆነ ነገረን።

ከለቅሶው በኋላ ከልጃቸው ጋር እስከ ሸለቆው አፋፍ ሄድን። ወንዙ ከታች ይሰማል።

«እንውረድ?» አለኝ።

ስለዚያ ዳገት እስካሁን አልነገርኩትም። ያን ቀንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ዕንባዬ ቀደመኝ።