የቀይዋ መኪና ፍሬን

ፍሬኑ እምቢ ያለን ከወልዲያ ወደ ጎብዬ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። የሚነዳው አባቴ ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ከፊታችን ቆርቆሮ የጫነ ትልቅ መኪና እያቃሰተ ይወርዳል። አባቴ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናዋ ግን እንደ ወትሮዋ አልያዘችም። ደግሞ ረገጠ። ፔዳሉ ምንም ሳይገታው ወለሉ ድረስ ወረደ።

«ቀበቶሽን አስረሻል?» አለኝ።

ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ነገር ሲከፋ ድምፁ ዝግ እንደሚል እናቴ ብዙ ጊዜ ነግራናለች።

«አስሬያለሁ።»

ማርሹን ቀነሰ፤ ሞተሩ ጮኸ። አሁንም ቀነሰ። የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየሳበ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላል። የጭነት መኪናው ጀርባ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጣ፤ በላዩ የተጻፈውን ጥቅስ ሁሉ አነበብኩት፤ ምን እንደሚል ግን ዛሬ ትዝ አይለኝም። ከታች ሚኒባስ እየወጣ ስለሆነ ማለፍ አይታሰብም። በቀኝ በኩል መንገድ ሠሪዎች የተዉት የጠጠር ክምር ነበር። አባቴ መሪውን ወደዚያ ሰበረው። የመኪናዋ ሆድ ጠጠሩን እየፋቀ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። አቧራው ሲበርድ ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ሲወጣ አየሁ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍኖናል።

አባቴ ሞተሩን አጠፋ።

«እሷ ምን ታድርግ» አለ። «ጉልበት ጨመርንላት፤ መቆሚያ አልጨመርንላትም።»

መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሦስት በር፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ አሮጌ ናት። ለማያውቃት ሰው የገበያ መመላለሻ ትመስለዋለች። ኮፈኗን ሲከፍት ነው ነገሩ የሚገባው፤ ሞተሯ ቱርቦ ያለው፣ ለፍጥነት የተሠራ ነው። አባቴ ተሳቢ እየጎተተ አቀበት በሚቧጥጥባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ትንንሽ መኪኖች እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውረው ሲያልፉት ያይ ነበር። ጡረታ ሲወጣ አዲስ አበባ ሄዶ እሷን ይዞ መጣ። ሰው እርሻ ወይም ቤት ሲጠብቅ እሱ ይቺን አመጣ።

እኔ ቆቦ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። በዕረፍት ቀኔ ከአባቴ ጋር ግቢያችን ውስጥ መኪናዋን መፍታትና መግጠም ልማዴ ሆነ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ትንንሹን ቡሎን የምይዘው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለራያ ሙቀት የሚሆን ሰፋ ያለ ራዲያተር ገጠምንላት። ከዚያ አየር ማጣሪያውን ለወጥን፤ ጭስ ማውጫውን አሰፋን፤ ቱርቦውም ታደሰ። በየጊዜው ወደ ዋጃ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ እንሞክራታለን። ሜዳ ነውና ፍሬኑ ትዝ አላለንም። በመጀመሪያው ቁልቁለት ግን ነገሩ ተገለጠ።

እናቴ የሆነውን ስትሰማ አልጮኸችም። ከማሽላ ውስጥ ጠጠር ትለቅም ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ወይ እሷ ከዚህ ግቢ ትውጣ፣ ወይ እኔን ዋጃ ወንድሜ ቤት አድርሱኝ» አለች።

«በምን እናድርስሽ?» አለ አባቴ ሊያስቃት።

አልሳቀችም። ዋጃም አልሄደች፤ ስለ መኪናዋ ግን ክፉም ደግም ሳትናገር ብዙ ቀን ከረመች።

አባቴ ግን በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ደወለ። የዚያችው መኪና ዓይነት ሆና ከባድ ሞተር ያላት ሌላ ሞዴል አለች፤ የእሷ የፊት ፍሬን ሰፋፊ ዲስክ አለው፤ ለእኛዋም ይገጥማል። ዕቃው በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ዲስኮቹን ከአሮጌዎቹ ጋር ስናስተያያቸው እንደ ትሪና እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ሆኑ። አባቴ በመዳፉ ዳሰሳቸው፤ «በዚህስ ቁልቁለቱ ራሱ ይፈራናል» አለ።

ሥራውን የጀመርነው ቅዳሜ ነው። የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንስተን ከሁለት ብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍናት፤ ጎማዎቹንም ፈታን። አባቴ ከከባድ መኪና ያመጣው አንድ ልማድ አለው፤ የፈታውን ጎማ ሜዳ ላይ አይተወውም፤ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኝቶ ይከተዋል። «ብረት ይከዳል፣ ጎማ ግን ቢያንስ ይይዛል» ይላል። ያን ቀንም እንዲሁ አደረገ።

ከዓሥር ሰዓት በኋላ አንዱ የፍሬን ቧንቧ አልፈታ አለን። ዝጎ ተጣብቋል። አባቴ «ከሥር ልየው» ብሎ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ አዲሱን ዲስክ በቤንዚን እወለውላለሁ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሰው ጆንያ እህል መሬት ላይ ቀስ ብሎ ሲያስቀምጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ቀና ስል የመኪናዋ ፊት ወደ ቀኝ አዘንብሏል። የቀኙ መደገፊያ እግሩ ወደ አፈር ገብቶ ጋድሟል። አባቴ ከወገቡ በታች ውጭ ነው፤ እግሮቹ አይንቀሳቀሱም።

«አባባ!»

ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ከሥር፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ «አትጩሂ። ሰው ጥሪ።»

መኪናዋ ጎማው ላይ አርፋለች። እሱ ነው የያዛት። ግን በመኪናዋና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ለአንድ ሰው ደረት የሚበቃ አይደለም፤ ከሞተሩ ሥር ያለው ብረት ደረቱን ተጭኖታል። ክሪኩን አንስቼ ጎኗ ሥር ከተትኩት፤ ሁለት ጊዜ ሳልጫነው እሱም ወደ አፈሩ ይሰምጥ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ከላይ የደረቀው መሬት ከሥሩ ጭቃ መሆኑን ያየሁት።

«ተይው! አትንኪው!» አለኝ ከኋላዬ አንድ ሰው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው፣ ጓሮ ያለውን ክፍል ከእኛ የተከራየው መምህር ነው። ጫማ ሳያደርግ ነው የወጣው። «አፈሩ አይሸከምም፤ ብትገለበጥ ትጨርሳቸዋለች። በማርያም፣ ዝም ብለሽ እጃቸውን ያዢ!»

እሱ ወደ በሩ ሮጠ። እኔ በሆዴ ተኝቼ ክንዴን አስገባሁ፤ የአባቴን ጣቶች አገኘኋቸው። ቀዝቅዘዋል። የሚያስገርመው ያን ጊዜ አይንቀጠቀጡም ነበር።

«ትተነፍሳለህ?»

«በትንሹ» አለ። ጣቴን ጨበጥ አድርጎ፣ «እናትሽ እንዳታይ።»

እናቴ ግን ቆማ ነበር። የሶላት ልብሷን እንደለበሰች ነው። እንደ ሌላ ጊዜ «ያ አላህ» አላለችም፤ አፏን በእጇ ይዛ መሬቱን፣ ያንን እርጥብ አፈር ብቻ ታያለች።

መምህሩ ከመስጊድ የሚመለሱትን ሰዎች ይዞ መጣ። ጎረቤታችን የግመል ነጋዴው፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራው፣ የማላውቃቸውም ሁለት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የግመል ነጋዴው የመኪናዋን የፊት መከላከያ ያዘና፣ «ስታነሱ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፤ ማንም ቀድሞ እንዳይለቅ» አለ። «አንተ መምህር፣ እግራቸውን።»

«ቢስሚላህ!»

መኪናዋ ተነሳች። ሰዎቹ ፊታቸው ደም መሰለ። መምህሩ አባቴን እግሮቹን ይዞ ጎትቶ ሲያወጣው ጭንቅላቱ ያንን ጭቃ እየጠረገ ወጣ። ዓይኑ ተከፍቷል። የሚያየው ሰማዩን ነው። ቀጥሎ አየር ሳበ፤ ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከኋላችን መኪናዋ ተለቀቀችና ጓ ብላ ወደቀች።

ሆስፒታል ስንደርስ የጎን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ሳንባው ግን ደኅና ነው አሉን። ሰዎቹ «አብሽር፣ አብሽሪ» እያሉ እያጽናኑን እስኪመሽ አብረውን ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከአደጋው ይልቅ ከበዱኝ። አባቴ ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሲያስል ትራሱን ይጨብጣል። መኪናዋ ግቢው መካከል እንደወደቀች አለች። እናቴ ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሱን ትቀይርለታለች፣ ግን ዓይኑን አታየውም። ተናዳበታለች ብዬ አሰብኩ። በምሳ ሰዓት ከሥራ መጥቼ ሦስታችን ስንበላ የሚሰማው የራሳችን ማላመጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ራሱ ጀመረው። «ሽጧት ብትዪን እኮ እንሸጣት ነበር» አላት። «ብቻ ተናገሪ።»

እናቴ እጇን ከሳህኑ መለሰች።

«ውኃውን የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ያን ለት ጠዋት ልብስ አጥቤ፣ የሳሙናውን ውኃ መኪናዋን የምትሠሩበት ቦታ ደፋሁት። አቧራው እንዳያስቸግራችሁ ብዬ።»

ከዚያ አለቀሰች። እናቴን ስታለቅስ ያየሁት አባቷ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነበር። አባቴ ሊነሳ ሞከረ፤ ጎኑ ከለከለው፤ እኔ ደግፌ አጠገቧ አስቀመጥኩት።

«እኔ ነኝ ሳላይ የገባሁት» አላት። «አርባ ዓመት መኪና ሥር የገባ ሰው መሬት ሳያይ ይገባል? ውኃውስ ምን ያውቃል።»

ሳህኑን ይዛ ተነሳች። በሳምንቱ ግን ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ አሸዋ ተከምሯል፤ ሁለት ግንበኞች ሲሚንቶ ያቦካሉ። መምህሩና የግመል ነጋዴው ጎማዎቹን መልሰው መኪናዋን ወደ ጥግ ገፍተዋታል። እናቴ ከሰው አልተማከረችም። ወገቧን ታጥቃ፣ «ወፈር አድርጉት፤ ግመል ቢተኛበት የማይሰነጠቅ አድርጉት» ትላለች።

ሲሚንቶው ሲደርቅ እኔ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። እንደፈራሁ አልደብቅም። ብረቱ ከፊቴ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የደገፍኩባቸውን ብረቶች በየደቂቃው ዞሬ አያለሁ። አባቴ ወንበር ላይ ሆኖ ይመራኛል፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያልበዋል። «ውጪ፣ ትንሽ እረፊ» ይለኛል ገና ሳልጀምር። የዛገውን ቧንቧ ከነጭራሹ ቆርጠን በአዲስ ለወጥነው። ዲስኮቹ ቦታቸውን ያዙ።

የቀረው ከፍሬን መስመሩ አየር ማስወጣት ነው። ለዚህ አንድ ሰው ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከጎማው አጠገብ ሆኖ መውጫውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አባቴ በዚያ ጎኑ ሊረግጥ አይችልም። መምህሩ ትምህርት ቤት ነው።

«አሳዪኝ» አለች እናቴ።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። መሪውን እንደ ሽማግሌ ከዘራ በሁለት እጇ ጨበጠችው። እኔ ከመድኃኒት ቤት ያመጣሁትን የግሉኮስ ቱቦ መውጫው ላይ ሰክቼ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ።

«ርገጪ። ያዢ… እንዳትለቂ!»

ዘይቱ በቱቦው ውስጥ አረፋ እያዘለ ወረደ። ዘጋሁት። «ልቀቂ።» እንደገና። አንድ ጊዜ ሳልዘጋ ለቀቀችና አየሩ ተመልሶ ገባ፤ አባቴ «ኧረ!» ሲል እሷ ይባስ ጮኸችበት፤ «አንተ ዝም በል! የምሰማው እሷን ነው!» ከመጀመሪያው ጀመርን። አረፋው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ቱቦው ጥርት አለ። እናቴ እግሯን ጫነችና ቀና አለች።

«ጠነከረ» አለች። «አልወርድም አለኝ።»

ቁልቁለቱን መሞከር ነበረብን። እኔ ልነዳ፣ አባቴ አጠገቤ ሊቀመጥ ተስማማን። በሩን ስከፍት እናቴ ከኋላ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አንቺ ደግሞ የት ነው?» አለ አባቴ።

«የረገጥኩት እኔ ነኝ። ካልያዘ ቤት ሆኜ ልስማ?»

ወልዲያ ደርሰን ዞርን። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ቀነስኩ። በመጀመሪያው ኩርባ ረገጥኩ፤ ያዘች። በሁለተኛውም ያዘች። አባቴ እግሩን ወለሉ ላይ ከእኔ እኩል ይጫናል፤ ከኋላ የእናቴ ዱዓ አይቋረጥም። ከመጨረሻዎቹ ኩርባዎች በአንዱ ላይ አንድ በሬ ከእረኛው አምልጦ አስፋልቱ መካከል ገባ። አባቴ «ርገጪ!» ከማለቱ በፊት ረግጫለሁ። ሦስታችንም ወደ ፊት ተወረወርን። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በሬው አንድ ጊዜ አይቶን መንገዱን ጨረሰ። አባቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የፊት ጎማዎቹን አየ። ጭስ የለም።

ጎብዬ ላይ ቆመን ውኃ ጠጣን። አባቴ ወርዶ በጎማዎቹ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ እጁን ወደ ቸርኬው አስጠግቶ ሙቀቱን ለካ። «አልሐምዱ ሊላህ» ብቻ አለና ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሜዳ ነው። የማሽላው ዛላ በሁለቱም ጎን ጎንበስ ብሏል። ሮቢትን ሳናልፍ በመስታወቱ ሳይ እናቴ ጭንቅላቷን የጎን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ላሳየው ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱ ቀድሞ አይቷታል፤ መዳፉን ወደ ታች ዝቅ ዝቅ እያደረገ ቀስ እንድል ምልክት ሰጠኝ።