ያላደረ ውኃ

ለፍኖተ ሰላም ገበያ ቅቤ የሚያመጣ የገጠር ሰው ሁሉ የእናኑን ወስፌ ያውቀዋል። እናኑ ከደምበጫና ከማንኩሳ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣውን ቅቤ ተቀብላ የምትቸረችር ሴት ናት። ቅጠሉን ገልጣ ወስፌዋን እስከ ቅቤው እምብርት ትሰካለች፤ ነቅላም ታሸተዋለች። ከላይ ለጋ መስሎ ከውስጡ ሞራ ወይም የበሰለ ሙዝ የታጨቀበት ቅቤ ከእርሷ አያመልጥም። ይህን ልማድ የያዘችው በትዳሯ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ያን ጊዜ የክርስትና እናቷ ምለው የሰጧት አንድ ቅል ቅቤ ግማሹ ሙዝ ሆኖ ተገኘና ደንበኞቿ በገበያ መካከል አዋረዷት። ከዚያ ወዲህ እናኑ መሐላ አትሰማም፤ ትወጋለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ የቀረቻት አንዲት ልጅ ውዳሴ ናት። ውዳሴ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከጎረቤት በተሰበሰቡ አሮጌ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ትማራለች። ማክሰኞና ዓርብ ግን ወደ መምህር ይታገሱ ግቢ ትሄዳለች። መምህሩ ጣና ዳር የዓሣ ባለሙያ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሕፃን አልጋ የሚያህል የመስተዋት ገንዳና ዐሥራ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ይዘው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። ቤት ለዋሉት የሰፈር ልጆች ዓሣ በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ ያስተምራሉ፤ በዚያውም መለካትን፣ ማባዛትንና ያዩትን በሥርዓት መጻፍን ያስለምዳሉ።

ለዚህ ሁሉ ክፍያ አይቀበሉም። ተራ የደረሰው ልጅ አንድ ጀሪካን የቧንቧ ውኃ ያመጣል፤ ውኃው ግን አስቀድሞ በባልዲ ተከፍቶ ሁለት ቀን ማደር አለበት። ልጁም ማደሩን በመዝገብ ላይ በእጁ ይጽፋል። ሐሰት የጻፈ ተማሪ እንደሚሰናበት ከመጀመሪያው ቀን ተነግሯቸዋል።

እናኑን እንቅልፍ የነሣት ይኸው ክፍያ አለመቀበላቸው ነበር።

«ለምንድን ነው የሚያድረው?» አለቻት ልጇን።

«ውኃው ውስጥ ያለው መድኃኒት እስኪወጣለት ነዋ፣ እማዬ። ዓሣዎቹን ይገድላቸዋል።»

«እኛ ጠጥተን የምንኖርበት ውኃ ዓሣ ገደለ! ይኸ ሰውዬ!»

አንድ ቀን ልጇን ልትወስድ ሄዳ በግቢው አጥር ሥር የተንዠረገገ ጎመን አየች። ወሩ መጋቢት ነው፤ የሰው ጓሮ ሁሉ ደርቋል። ያን ጊዜ ነገሩ የተገለጠላት መሰላት። በማግስቱ በገበያ ለጎረቤቷ ለበርበሬ ነጋዴዋ ለሐዋ ነገረቻት።

«ሐዋ፣ ልጆቻችን የሰውየውን ጎመን እያጠጡለት ነው። ዓሣው ማታለያ ነው።»

ሐዋ ሳቀች። «አንቺ እኮ ጨረቃ ብትወርድልሽ በወስፌ ወግተሽ ነው የምትቀበያት። የእኔ ማህዲ ማባዛት ያወቀው እዚያ ነው። በይ ተያቸው።»

እናኑ አልተወችም። የውዳሴ ተራ በደረሰበት ማክሰኞ ጧት፣ ልጅቱ ፊቷን ስትታጠብ፣ ከእሑድ ጀምሮ ተከፍቶ ያደረውን ውኃ እንስራ ውስጥ ገለበጠችው። ባልዲውንም ወዲያው ከቧንቧ ሞላችው። በዚያ ሳምንት የቧንቧው ውኃ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ሐሳቧ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓሣዎቹ ከኖሩ ሰውየው ውሸታም ነውና ልጇን ታስቀራለች።

ውዳሴ ምንም ሳታውቅ ውኃውን ወደ ጀሪካኑ ገልብጣ ተሸክማ ሄደች። መምህሩ ጉንፋን ይዟቸው ነበርና ሽታው አልደረሳቸውም።

«አድሯል?»

«አድሯል።»

ለእርሳቸው የልጅቱ ቃል በቂ ነበር። ውዳሴም በመዝገቡ ላይ ጻፈች።

ቀትር ላይ ባዶ ጀሪካን ይዛ እያለቀሰች ተመለሰች። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ቆይተው ሰባቱ ሞተዋል። በጀሪካኑ የቀረውን ያሸተተው ማህዲ ነበር፤ «ይኸ መች አደረ!» ብሎ በሁሉ ፊት ጮኸ። መምህሩም፣ «ዓርብ ስትመጪ እውነቱን ይዘሽ ነይ» አሏት።

«እማዬ፣ ውኃውን ነክተሽው ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች እናኑ።

ልጅቱ እንባዋን ጠረገች። «እንግዲያስ ባልዲውን ያምታታሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። አንቺማ አትዋሺኝም።»

ሌላውን ሁሉ ስትወጋ የኖረችው ሴት የታጨቀውን ሙዝ በገዛ ቤቷ አገኘችው። ልጅቱ ግን ውኃውን እሑድ የቀዳ የገዛ እጇን አስተባብላ የእናቷን ቃል ማመኗን አልተወችም፤ ዓርብ ጧትም ለመሰናበት ደብተሯን ይዛ ወጣች። እናኑ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት። ልጆቹ በገንዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አራት ዓሦች ብቻ በሰፊው ውኃ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ።

«መምህር፣ ውኃውን የቀየርሁት እኔ ነኝ» አለች ከበራፉ ሳታልፍ። «እርስዎን ልፈትን ብዬ ነው። ልጄ አታውቅም። ስትጠይቀኝም ዋሸኋት።»

ውዳሴ ዘወር ብላ አየቻት። መምህሩ መዝገቡንና እስክሪብቶውን አቀረቡላት።

«በልጅቱ ጽሑፍ ሥር ይጻፉት።»

እናኑ ፊደል የቆጠረችው በጎልማሳነቷ ነው፤ ስትጽፍ ቆየች። «ውኃው አላደረም። ልጄ እውነት ጽፋለች። እናኑ።» መምህሩ አንብበው መዝገቡን ለውዳሴ መለሱላት፤ ተራዋ እንዳልተነጠቀባትም ነገሯት።

እናኑ ልትወጣ ስትል ቆም አለች። «ያ ጎመንስ?»

«ከገንዳው የሚወጣው የቆሸሸ ውኃ ነው የሚያጠጣው። ጾም ስለሆነ ይውሰዱ» ብለው ራሳቸው ቀጥፈው ሰጧት። እናኑም ተቀበለችና ቅጠሉን ገልብጣ ከሥሩ አየችው። ልጆቹ ሳቁ። ውዳሴ አልሳቀችም።

ተራዋ እንደገና ሲደርስ፣ እናኑ በማለዳ ተነሥታ ሁለት ቀን ያደረውን ውኃ ራሷ በጀሪካን ቀድታ በራፉ ላይ አቆመችላት። ውዳሴ ከቤት ወጣች። ጀሪካኑን ከማንሣቷ በፊት ጎንበስ ብላ ክዳኑን ከፈተችና አሸተተች። ከዚያ ዘግታ ተሸክማ ሄደች። እናኑ ከበሩ ጀርባ ሆና አየቻት።