በፈረስ የታጀበው ባዶ ቅጥቅጥ

የአባቴ ቀበሌ በሁለት ወንዞች መሀል ናት። ክረምት ሲገባ ሁለቱም ይሞሉና ደሴት ትሆናለች። አንደኛው ላይ ድልድይ ከተሠራ በኋላ እንኳ ባለመኪና ሊሞክራት አልፈለገም፤ ሰው የሚያንስባት ቦታ ስለሆነች ከተሳፋሪ የሚያገኘው ነዳጁን አይችልለትም። እንጅባራ ጉዳይ ያለው ሰው አስፋልቱ ድረስ ግማሽ ቀን በእግሩ ወይም በፈረሱ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ሚኒባስ አለ።

ባለፈው ዓመት ዞኑ አንድ ደግ ነገር አሰበ። ማክሰኞና ቅዳሜ አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ከእንጅባራ ተነስቶ ቀበሌዋ ድረስ እንዲገባና እንዲመለስ፣ ባለንብረቱ የሚጎድለውንም መንግሥት እንዲደጉመው ተወሰነ። ቅጥቅጡ ያረጀ ነው፤ የመስኮቶቹ ግማሽ አይከፈቱም፤ ሹፌሩም ነጭናጫ ነው። መጀመሪያ የገባ ቀን ሕዝቡ እልል ሲል እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ምክንያት ነበረኝ። አባቴ ስኳር አለባቸው፤ በየወሩ እንጅባራ ሐኪም ዘንድ ክትትል አላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከፈረስ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አስፋልቱ ድረስ የሚመጡት በቃሬዛ ነበር። አራት ጎረምሳ ይሸከማቸዋል፣ ሌላ አራት ለመቀያየር ይከተላል። አባቴ ደግሞ በአካባቢው የተመሰከረላቸው ፈረሰኛ ነበሩ። የቀበሌው ወንድ ግማሹ ኮርቻ ላይ መቀመጥ የተማረው ከእሳቸው ነው። ራሳቸው ባስተማሯቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ተጋድመው ሲሄዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሄዱት፤ እንቅልፍ ወስዷቸው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን "ከእንግዲህ ሰው ተሸክሞኝ አልሄድም፣ የመጣው ይምጣ" አሉ። ሁለት ወር ከሐኪም ቀጠሯቸው ቀሩ። እግራቸው ላይ ቁስል ወጣ። ቅጥቅጡ የደረሰልን በሦስተኛው ወር ነው።

ታዲያ ፈረስ መውጣት እንደማይችሉ ለማንም አላመኑም። "ሐኪሙ ለጊዜው ከልክሎኝ ነው እንጂ ለጥሩ የፈረስ በዓል እወጣለሁ" ይላሉ። ጥር ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ጊዜም ሄደ። ሰዉ ያውቃል፤ ግን የሚናገር የለም፤ እኔም ጭምር።

ድጎማው ለሙከራ ነበር። ስድስት ወር ሲሞላው ከዞኑ አንድ ባለሙያ አብሮ ተሳፍሮ አውቶብሱ ሰው ይጭን እንደሆነ ሊያይ፣ ካልጫነም ሊቋረጥ እንደሆነ ሰማሁ። የማስተምረው እንጅባራ ስለሆነ ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ወዲያው ቀበሌው ውስጥ ለሚኖረው አጎቴ ደወልኩ።

"ማክሰኞ ስለ አውቶብሱ የሚወስነው ሰው ይመጣል፤ አደራ፣ ሕዝቡ ነቅሎ ይውጣ" አልኩት።

"እሱን ለእኛ ተይው" አለኝ።

ተውኩት። የአገሬን ሰው እንደማላውቅ ሁሉ ተውኩት።

ማክሰኞ ጧት ከትምህርት ቤቱ አስፈቅጄ፣ አባቴን ለቀጠሯቸው ላመጣ ከባለሙያው ጋር ተሳፈርኩ። ትሁት ወጣት ነው፤ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያያል። ድልድዩን እንዳለፍን ፈረሶች ከፊት ለፊታችን ተሰልፈው ጠበቁን። ከስልሳ አያንሱም፤ ሁሉም አጊጠዋል፤ ፈረሰኞቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። አጎቴ ከፊት ነው። በእኛ ዘንድ የከበረ እንግዳ የሚቀበሉትም የሚሸኙትም በፈረስ ነው። ባለሙያው ደስ ብሎት ፎቶ አነሳ። እኔም ደስ አለኝ፤ ነገሩ የገባኝ ምሳ ላይ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ድንች ይዘው፣ ልጅ አዝለው የሚሳፈሩት ሴቶች በሙሉ ለእንግዳው ዶሮ ሲሠሩ አርፍደዋል። ተበላ፣ ተመረቀ። ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ሴቶቹ ዕቃ ለማንሳት ቀሩ፣ ወንዶቹ እንግዳውን ሊሸኙ ፈረስ ላይ ወጡ። አውቶብሱ ውስጥ የገባነው አባቴና እኔ ነን።

ባለሙያው ወደ ኋላ ዞሮ ባዶውን ወንበር ተመለከተ። ከዚያ በመስኮቱ ግራና ቀኝ የሚጋልበውን ሕዝብ አየ።

"ሕዝቡ መጓጓዣ ያለው ይመስላል" አለ።

"ሌላ ቀን እኮ መቆሚያ የለውም! ዛሬ ለአንተ ክብር ብለው ነው" አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

"ይገባኛል፣ እህቴ። ግን የምጽፈው ያየሁትን ነው።"

በጣም ተናደድኩ። በእሱ አይደለም፤ በአጎቴ፣ በራሴ፣ በዚያ ሁሉ ፈረስ። አባቴ ግን "አቁም" አሉት ሹፌሩን። እያጉረመረመ አቆመ። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፍተው፣ በከዘራቸው ብቻ ቀስ ብለው ወረዱ። ቅርብ የነበረውን ፈረሰኛ በአዊኛ ጠሩት፤ "ውረድ፣ ፈረሱን አምጣልኝ።"

ፈረሰኛው ወርዶ ልጓሙን ያዘላቸው። አባቴ ከዘራቸውን ጥለው ኮርቻውን ያዙ። እግራቸውን ወደ እርካቡ አነሱ። ጉልበታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከሩ። በሦስተኛው ላባቸው በአንገታቸው ወረደ፤ ኮርቻው ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ከእኛ መሀል የተነቃነቀ የለም። ልሄድላቸው ፈለግሁ፤ ደግሞም ፈራሁ።

"ልጄ፣ ውረድና ቅረበኝ" አሉት ባለሙያውን፣ ኮርቻውን ሳይለቁ። በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ወረደ።

"እነዚህን ሁሉ ኮርቻ ላይ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ራሴ መውጣት አልችልም። ነገም አልችልም። ይሄ መኪና የተሠራው ለእነሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው። ያየኸውን አይደል የምትጽፈው? ይኸውና አየህ፤ ጻፍ።"

መጀመሪያ የወረደው አጎቴ ነው። "የእኔም ሚስት ስምንተኛ ወሯ ነው፤ በፈረስ አትሄድም" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ሌላውም ወረደ፤ እናቱ ዓይናቸውን ይታከማሉ። ባለሙያው እዚያው መንገድ ላይ ቆሞ፣ አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ ገጹን ሞላው። ድጎማው ለሌላ ዓመት መራዘሙን የሰማነው ከወር በኋላ ነው።

ያኔ ግን ይህን ማንም አያውቅም ነበር። አባቴ በባለሙያው ክንድ ተደግፈው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። አውቶብሱ ሲነሳ ፈረሶቹ መንገዱን ለቀቁለት። ትንሽ እንደሄድን፣ ሹፌሩም ባለሙያውም በሚሰሙት ድምፅ "እስኪ ይቺን እግሬን ደግፊልኝ፣ አመመችኝ" አሉኝ። አባቴ "አመመኝ" ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እግራቸውን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።