የግርጌ ማስታወሻዎቹ ባለቤት

የታላቋ የሕግ ሊቅ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻዎች በሙሉ የሌላ ሴት ሥራ ናቸው፤ ስሟ ግን በአንድም ገጽ ላይ አልሰፈረም።

ዛሬ በሟቿ ሊቅ ስም የቆመው የመታሰቢያ ፈንድ ለሕግ ተማሪዎች ሽልማት ሲሰጥ፣ ያቺ ሴት አንገትጌው የሳሳ ኮቷን እስከ ጉሮሮዋ ቆልፋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ለሟቿ በተጨበጨበ ቁጥር እሷ በቅናት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ለታዳሚው የታደለውን የተሸላሚዋን ጽሑፍ በጥፍሯ እየተከተለች ስታነብ፣ ራሷ በወጣትነቷ በሊቋ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ የተሳሳተችውን የገጽ ቁጥር እንዳለ ተቀድቶ አገኘችው።

«ልጄ፣ ይህን የጠቀስሽውን ገጽ ገልጠሽ አይተሻል?» ብላ ከሽልማቱ በኋላ ልጅቷን ጠየቀቻት።

«እማማ ደግሞ! እሳቸው የጻፉትን የማጣራ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለች ተሸላሚዋ እየሳቀች።

ሴትዮዋ እርሳሷን አውጥታ መልሳ ከተተችው። ሊቋ ተሳስተው አያውቁም ስለሚባል፣ ስህተቱን ለእሳቸው የሚሰጥ የለም፤ ማንም የማይነጥቃት ሥራዋ ያ ስህተት ብቻ ነው።

ቁጥሩ አልታረመም፤ ስሟም አልገባም።