ሃያ ስምንተኛው ቀን

ጥቅምት 9 ቀን፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ኤፍራታ ከአልጋዋ ወርዳ መቆም አቃታት። ቀኝ ጉልበቷ አብጧል። ሲነኩት ይፋጃል። ትኩሳቷ 38.9 ነበር።

ኤፍራታ ሰባት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ከእኔና ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ሶዶ መኖር ከጀመረች ዘጠኝ ወር ሆኗት ነበር። የተረከብናት በሞግዚትነት ነው፤ የጉዲፈቻው ማመልከቻ ፍርድ ቤት ገብቶ ቀጠሮ እየጠበቅን ነበር። ታደሰ መምህር ነው። እኔ ለሬዲዮ ዜና ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ይህን የምጽፈው የልጃቸው ልብ ለታመመባቸው ሰዎች ነው። ያረጋገጥኩትን ብቻ እጽፋለሁ፤ ያላወቅኩትን አላወቅኩም እላለሁ።

ታደሰ «ገመድ ስትዘል ወድቃ ይሆናል» አለ። ጉልበቷን በቅባት አሸንላት። ማክሰኞ የጉልበቷ እብጠት ጎደለና የግራ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ሐሙስ እሱም ተዋትና የእጇ አንጓ አበጠ። ቦታ የሚቀያይር እብጠት አይቼ አላውቅም ነበር። ዓርብ ጠዋት ከመኝታ ቤት እስከ በሩ ሄደችና ቆመች። ትንፋሽ አጠራት።

ሶዶ ሆስፒታል ያያት ወጣት ሐኪም ደረቷን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ከዚህ በፊት እንዲህ አሟት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እርግጠኛ የሆንኩበትን ምክንያት መናገር አለብኝ። ከኤፍራታ ጋር ያገናኘችን ታላቅ እኅቴ አልማዝ ናት። አልማዝ ነርስ ናት፤ ያን ጊዜ ሁምቦ ወረዳ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራ ነበር። ከተበላ ከተማ ወረድ ብላ ባለች መንደር አንዲት አሮጊት እናቷ የሞተችባትን የልጅ ልጃቸውን ማሳደግ አቅቷቸዋል ብላ የነገረችን እሷ ናት። እኔና ታደሰ በትዳር ዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ አልወለድንም። ሄድን። የእናትየዋን የሞት ማስረጃ አየሁ። የቀበሌውን ደብዳቤ አየሁ። ጎረቤቶችን ጠየቅኩ። ልንነሣ ስንል አያትየዋ በወላይትኛ «መርፌዋን እንዳትረሱ» አሉኝ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት አልማዝ መለሰች፤ «ክትባቷን ማለታቸው ነው። ጨርሳለች።» ማስታወሻዬ ላይ «ክትባት፦ ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባለሥልጣን በሌላ ሰው ፈንታ እንዲህ ቢመልስልኝ ሰውየውን ራሱን እጠይቅ ነበር። አያትየዋን ደግሜ አልጠየቅኳቸውም። የመለሰችልኝ እኅቴ ነበረች።

ሐኪሙ የሕመሙ ስም ሩማቲክ ፊቨር እንደሆነ ነገረን። ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ ይመጣል። «መገጣጠሚያው ይድናል» አለን፤ «እኔን ያሳሰበኝ ልቧ ነው።» አዲስ አበባ ተላክን። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች። ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ አልገጥም ብሎ ደሙን ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር። ሁለት ወር በሚዋጥ መድኃኒት ቆየች። ፊቷ ያብጣል። በሦስት ትራስ ደግፈናት ትተኛለች። ደረጃ ትወጣ የነበረች ልጅ ጫማዋን ማሰር ደከማት።

ቫልቩ በቀዶ ጥገና እንዲጠገን ተወሰነ፤ ወረፋው ግን ከልቧ አቅም በላይ ሆነ። ወደ ደቡብ ሕንድ ሪፈር ተጻፈልን። የጉዲፈቻው ውሳኔ ገና ስለነበር በሞግዚትነት ይዘናት ከአገር እንድንወጣ ፍርድ ቤቱ ፈቀደልን፤ ዋናውን ጉዳይ ለመጋቢት ቀጠረ። ጥር አጋማሽ ላይ ሄድን።

እዚያ የሞላሁት ቅጽ «ቀደም ያለ ሕመም» ይል ነበር። «የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ቀዶ ሐኪሟ ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በማግስቱ የኢኮውን ምስል እያሳየችን በእንግሊዝኛ ጠየቀችን።

«ይህን ጠባሳ የሦስት ወር ሕመም አይሠራውም። ከዚያ በፊት ታማለች። በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋ ነበር?»

«አትወጋም ነበር» አልኩ።

ዓይኗን ከምስሉ አንሥታ አየችኝ። አስተያየቷን አውቀዋለሁ። ሰነድ ላይ የተጻፈውን ነገር «አልሆነም» የሚሉኝን ሰዎች እኔም እንዲሁ ነው የማያቸው።

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነበር። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ወሰዷት። ስድስት ሰዓት ሆነ። አልወጣችም። ስምንት ሆነ። አልወጣችም። ታደሰ ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ። ዘጠኝ ከሩብ ላይ ሐኪሟ መጣች።

«ጠግነነዋል። መቀየር አላስፈለገም። ልቧ በራሱ እየመታ ነው።»

ታደሰ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

በዐሥረኛው ቀን ኤፍራታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የማያቃጥል ሩዝ እየበላች «ዳጣ የላቸውም እንዴ እዚህ ያሉ ሰዎች?» ብላ አሳቀችን። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ወፍራም ነጭ መድኃኒት የያዘ መርፌ ይዛ ገባች። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ሩማቲክ ፊቨሩ እንዳይመለስ በየሃያ ስምንት ቀኑ የሚሰጥ። ኤፍራታ መርፌውን አየችው። ማንም ሳይነግራት በግራ ጎኗ ዞራ ልብሷን ገለጠች።

«እማዬ፣ ይሄ የእቴቴ መርፌ ነው?»

እቴቴ የምትላት አልማዝን ነው። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ነርሷ እስክትወጣ ጠበቅኩ።

«እቴቴ ትወጋሽ ነበር?»

እጇን ከአፏ አላነሣችም።

«አልቆጣም።»

«ጓደኛዋ ቤት። በባጃጅ ሽርሽር ስትወስደኝ።» ከዚያ በፍጥነት አለችው፦ «ከተናገርሽ ይመልሱሻል ብላኛለች። እኔ አልተናገርኩም። መርፌው ነው ያስታወሰኝ። ትመልሱኛላችሁ?»

አንመልስሽም አልኳት። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩላት።

የሥራ ማስታወሻዬን ሁልጊዜ እይዛለሁ። ያን ቀን ገለጥኩት። አልማዝ ኤፍራታን ልትጠይቅ ቤታችን የመጣችባቸው ቅዳሜዎች ተጽፈዋል። አምስት ናቸው። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። በእያንዳንዱ መካከል ሃያ ስምንት ቀን። ማንጎ ይዛ ትመጣ ነበር። «ጋዜጠኛዋ፣ ምርመራሽን ተይና ልጄን ለአንድ ሰዓት አውሺኝ» ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ኤፍራታ እያነከሰች ተመለሰች። «ከባጃጅ ስትወርድ ተደናቀፈች» አለችኝ። ያንንም ጽፌዋለሁ። በሰኔ አልማዝ እዚያው ወላይታ፣ ቦምቤ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ጉብኝት የለም።

ስልክ ደወልኩላት።

«ካርዷ የት ነው?»

የትኛው ካርድ አላለችኝም። «እኔ ጋ ነው» አለች።

«ለምን?»

«ብነግርሽ ትወስጃት ነበር? ከእናንተ በፊት ሁለት ቤተሰብ መርፌ አለባት ሲባል ትተዋታል። አሮጊቷ ሊሞቱ ነው። አንቺ ደግሞ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ…»

«ስለ እኔ አታውሪ።»

«እሺ፣ አላወራም። ግን መልሺልኝ። ትወስጃት ነበር?»

መልሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

«ከሰኔ በኋላስ?»

«ክረምት ገባ። አዲስ ቦታ ነው፣ ፈቃድ አይሰጡኝም። ገመድ ስትዘል ቪዲዮ ላክሽልኝ። ደህና ናት አልኩ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ይለቅና እነግራታለሁ አልኩ።» ከዚያ ታናሽነቴን እንዳስታውስ በሚመስል ድምፅ፣ «ለአንቺ ብዬ ነው እኮ፣ እኅቴ» አለችኝ።

ዘጋሁት። መርፌው የተመዘገበበትን ካርድ ፎቶ ላከችልኝ። መስመሮቹ በእሷ እጅ ጽሕፈት የተሞሉ ናቸው። የመጨረሻዎቹ አምስት ቀኖች ከማስታወሻዬ ጋር ይገጥማሉ።

ያለፈውን ሕመም ብቻ ደብቃኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እሷ የደበቀችኝ የሚመጣውንም ነው። ልጅቷ ሃያ ስምንተኛው ቀን ሲያልፍባት፣ ከቤቱ ሰው ቀኑን የምታውቀው ኤፍራታ ብቻ ነበረች፤ እሷም እንዳንመልሳት ፈርታ ዝም አለች። የሰባት ዓመት ልጅ ለእኅቴ ምስጢር ልቧን አስይዛ ተቀመጠች።

ከሕንድ ስንመለስ ኤፍራታ በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢው በር እስከ ሱቁ፣ በሦስተኛው እስከ አስፋልቱ መሄድ ጀመረች፤ ዳሞታ ተራራን ጉም ሲሸፍነው «ዛሬም ተኝቷል» እያለች፣ እኔ ልደግፋት እጄን ስዘረጋ በክርኗ እየገፋችኝ። የደረቷ ጠባሳ ደረቀ፤ ሦስቱ ትራሶች አንድ ሆኑ፤ መጋቢት ሲደርስ ጫማዋን ራሷ አሥራ ፍርድ ቤት ሄደች። ለዳኛው የተስተካከለ የጤና ታሪክ በጽሑፍ አቀረብኩ። ከማመልከቻው ጋር ቀድሞ የገባው ስሕተት መሆኑን፣ እንደ ነርስ ሞልታ የሰጠችንም እኅቴ መሆኗን ጻፍኩ። አልማዝ ከቦምቤ መጥታ እውነት ነው አለች። ዳኛው ኤፍራታን ለብቻዋ አነጋገሯት። ጉዲፈቻው ጸደቀ።

ሶዶ ላይ ደረቷን ያዳመጠውን ወጣት ሐኪም፣ ቀዶ ሐኪሟን፣ ሳንጠይቃቸው ሻይ ያመጡልን የነበሩትን የዋርዱን ጽዳት ሠራተኛ አመሰግናለሁ። እንደኛ ልጅ ለተረከባችሁ የምለው ይህን ነው። ያሳደጋትን ሰው ሌላ ሰው በሌለበት ጠይቁ። ልጅቷንም ጠይቁ፤ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን እንደማትመልሷት ንገሯት። ቅጽ ላይ ያላወቃችሁትን «የለም» አትበሉ፤ «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ። የልጅ ጉሮሮ ሕመም ከትኩሳት ጋር ሲመጣ በቤት መድኃኒት አታሳልፉት። መርፌው ከተጀመረም ቀኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ አይሁን።

ለዚህ ሲባል አንድ ደብተር አስምሬአለሁ። ሁለት ፊርማ ይጠይቃል፤ የሰጪና የምስክር። መርፌው የሚሰጠው በሰፈራችን ክሊኒክ ሐኪም ባለበት ነው። የመጀመሪያውን የክሊኒኩ ነርስ ወጋት። ኤፍራታ አለቀሰችና «የእቴቴ አያምም» አለች። ታደሰ አየኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ለአልማዝ የሚቀጥለውን መርፌ ቀን በጽሑፍ መልእክት ላክሁላት። ሌላ አልጻፍኩም። ከእሷ ጋር ከቀኑ በስተቀር የምነጋገረው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ስምንተኛው መርፌ ተሰጠ። ግራ ጎን። ሰጪ፦ አልማዝ። ምስክር፦ እኔ።